ፍየሏ ያልበላችው ጌሾ

አከራዬ የጌታ እራት ትሪ ሲደርሳት ሳትነካው ወደ ጎን እንደምታሳልፍ የነገሩኝ ባለቤቷ ናቸው። ነሐሴ መግቢያ ነበር። ዳሞታ ተራራ ጉሙን እንደተከናነበ ቀናት አልፈውታል። ጋሼ ደጃፌ ላይ ቆመው የጃንጥላቸውን ውሃ እያራገፉ፣ እንደ ዋዛ ጀመሩት።

"ከትንሣኤ ወዲህ እንዲህ ሆናለች። የፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት፣ የእናቶች ኳየር የምትመራ ሴት፣ ቂጣው ሲመጣ እጇን ሰብስባ ታሳልፋለች። ጽዋውንም እንደዚያው። ወንበሩ ሙሉ ያያታል። መጋቢው ቢጠይቋት 'ያልጨረስኩት ነገር አለ' አለች። እኔ ስጠይቃት ደግሞ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።"

"ምን ሆና ነው፣ ጋሼ?"

"እኔ የማውቀው ፍየሏ እንዳለችበት ብቻ ነው" አሉና ሳል የሚመስል ሳቃቸውን ሳቁ። "ፍየሏን አንቺ ታውቂያታለሽ፣ ሲስተር።"

አውቃታለሁ።

ሶዶ ስኖር ዓመታት ሆኖኛል። የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባበት ደጋ ላይ ነው፤ ሥራ አመጣኝ፣ ሥራው አስቀረኝ። ነርስ ነኝ። በጤና ጣቢያው ሕፃናት ስለምከትብ የሰፈሩ ሰው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ለሁሉም ሲስተር ነኝ። የምኖረው በእነ ጋሼ ግቢ፣ ከፊት ለፊት ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ እንሰት አለ፣ ከመሐል አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፍየሏ የምትታሰርበት ችካል።

አከራዬን እትዬ እላታለሁ። ቤት ልከራይ በመጣሁበት ቀን ዝናብ ይዞኝ ነበርና ከሩቅ ስታየኝ "ግባ! ግባ፣ ሲስተር! ዝናብ በላህ እኮ!" ብላ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። አንተና አንቺ ለእሷ አንድ ናቸው፤ አፏ ላይ የቀደመው ይወጣል። እሷም በእኔ የምትስቅበት አላጣችም፤ ወላይትኛ ለመናገር ስሞክር ሆዷን ይዛ እስክትንበረከክ ትስቃለች። ተቻችለን ነው የኖርነው።

መስኮቴ ሥር የነበረውን ጌሾ የተከለችው እናቴ ናት። በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ ልትጠይቀኝ ሶዶ ድረስ መጥታ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶብስ ስትንገላታ ችግኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን አድርጋ፣ ጭኗ ላይ ይዛው ነው የደረሰችው። የሹፌሩ ረዳት ከላይ ይጫን ቢላት እንቢ አለች። "አገርሽ ሁሉ ነገር አለው" አለችኝ ግቢውን ዞራ ካየች በኋላ። "ለማኅበርሽ የሚሆን ጌሾ ግን እስከ መቼ ከገበያ ትገዢያለሽ?"

ማኅበር አለን፤ በየወሩ በእመቤታችን ቀን ጽዋ እንጠጣለን። ገሚሶቻችን እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣን ነን፣ ገሚሶቹ እዚሁ የተወለዱ። ተራዬ ሲደርስ ጠላ መጥመቅ አለብኝ። እነ እትዬ ግን ፕሮቴስታንት ናቸው፤ መጠጥ በደጃቸው አያልፍም። ስለዚህ ሳይተከል አስፈቀድኩ። እትዬ ችግኙን አገላብጣ አየችው፣ ቅጠሉን አሸተተችው፣ ከዚያ፦

"ቅጠል አይደለም እንዴ? ቅጠል ምን ኃጢአት አለው? ትከሉት!" አለች።

ጉድጓዱን ራሷ ቆፈረች። እናቴ ተከለች፣ እኔ ውሃ አጠጣሁ። ጌሾው በሶዶ ዝናብ ምን እንደነካው አላውቅም፣ በሁለተኛው ዓመት አጥሩን አለፈ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ፤ በግቢው ውስጥ አንድም ቀን ጠምቄ አላውቅም። ቅጠሉን ቀጥፌ፣ አድርቄ፣ በፌስታል ይዤ አንዲት የማኅበራችን ሴት ቤት ሄጄ ነው የምጠነስሰው።

እናቴ ባረፈች በዓመቷ፣ ለሙት ዓመቷ አገር ቤት ሄድኩ። ፋሲካን ከወንድሞቼ ጋር አሳልፌ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለስኩ። ሻንጣዬን ይዤ በሩን ስገፋ መጀመሪያ ዓይኔን የመታው ብርሃኑ ነው። ሁልጊዜ ጥላ የሚወድቅበት የመስኮቴ ሥር ወገግ ብሎ ነበር። ጌሾው የለም። ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ጉቶ ቀርቷል።

እትዬ የልብስ ሳፋ ታቅፋ ከጓሮ ወጣች። "ሲስተር! ደህና ገባህ? አገር ደህና ነው?" አለችና፣ እኔ መልስ ሳልሰጥ ቶሎ ብላ "ፍየሏ ገመዷን በጥሳ ጌሾሽን በላችው። እኔ ቸርች ነበርኩ። ምን ዓይነት ፍየል ናት!" አለች።

ጉቶውን አየሁት። ወደ አንድ ጎን አጋድሎ፣ ጥርት ብሎ ነው የተቆረጠው። ሥራዬ ቁስል ማየት ነው፤ የተነከሰና የተቆረጠ አይምታታብኝም። ፍየል በገጀራ አትበላም።

"ምንም አይደለም፣ እትዬ። እንስሳ አይደለች" አልኩ።

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሻንጣውን ሳልፈታ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴን አገር ቤት ቀብሬያታለሁ፤ ሶዶ ላይ ግን በየጠዋቱ መስኮቴን ስከፍት አገኛት ነበር። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ፣ ድምፄ እንዳይሰማ።

እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉኝ። በእኛ ቤት ጨዋ ሰው ሲጎዳ አይጮህም፤ "ምንም አይደለም" ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። የዘጋበት ሰው እንኳ መዘጋቱን ቶሎ አይሰማውም። እትዬን ሰላም ማለቴን አልተውኩም፣ ኪራዬንም ሆነ ፈገግታዬን አላጓደልኩም። ግን ቤቷ መግባት አቆምኩ። ቦይና፣ የእነሱን ጎደሬ፣ ቀቅላ ስትጠራኝ "ጾም ነው" አልኳት አንድ ቀን፣ ሳላስበው።

"ቦይና ከመቼ ጀምሮ ይጾማል?" አለች ከወጥ ቤቱ በር አንገቷን አውጥታ። "በዳጣ በርበሬ ነው እኮ! ቅቤ አልነካውም!"

"ጠግቤያለሁ ማለቴ ነው፣ እትዬ።"

እሷም አንዳንድ ነገር ታደርግ ነበር፣ እኔ አይቼ እንዳላየሁ የማልፈው። በጉቶው ዙሪያ እሾህ አጠረች። የልብስ እጣቢ ሳይሆን ንጹሕ ውሃ በጣሳ ታፈስበታለች። ጉቶው ግን አልሰማትም፤ ሰኔ ሲገባ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ መድረቁ ለየለት። ደጋግማም "ሲስተር፣ ያ ጌሾ እኮ..." ብላ ጀምራለች። በተነሳች ቁጥር "ተይው እባክሽ፣ እትዬ፣ ምንም አይደለም" እያልኩ እቀድማታለሁ። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሰው ጥፋቱን እንዲያወራ ማስጨነቅ ምን ይረባል እል ነበር በልቤ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ይበቃል።

እንግዲህ ጋሼ ጃንጥላቸውን ይዘው በሬ ላይ የቆሙት በዚህ መሐል ነው። ከሄዱ በኋላ ስለዚያ ትሪ አሰብኩ። ሥርዓታቸው ከእኛ ይለያል፤ ግን አንዲት ሴት ሰው ሁሉ እያያት ከጌታ ማዕድ እጇን መሰብሰቧ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የእነሱ ምእመን መሆን አያስፈልግም። ወንበሩ ሙሉ ያያታል። ከወር ወር።

ፍልሰታ ነበርና ልቆርብ አስቤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ ቀልደኛ ናቸው፣ ግን ንስሐ ላይ ቀልድ አያውቁም። የምናዘዘውን ተናዝዤ ስጨርስ፦

"የተጣላሽው ሰው አለ?" አሉኝ።

"የለም፣ አባ።"

"የተቀየምሽውስ?"

የጌሾውን ነገር ከነእናቴ፣ ከነፍየሏ ነገርኳቸው። "ግን ይቅር ብያታለሁ፣ አባ። ያን ዕለቱኑ ምንም አይደለም ብያታለሁ።"

"የቱን ነው ያልሻት?"

"ምን?"

"ይቅር ብዬሻለሁ ነው ያልሻት ወይስ ምንም አይደለም?"

"ያው አይደለም እንዴ?"

"ያውማ አይደለም። ምንም ካልሆነ ምኑን ነው ይቅር የምትያት?" መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ጌታችን ለሰቀሉት ምሕረት ሲለምን ምንም አላደረጉኝም አላለም፣ ልጄ። ችንካሩ ችንካር ነው። አንቺ ቅድም ኃጢአትሽን በየስሙ እየጠራሽ ስትናዘዢ 'ተይው፣ ምንም አይደለም፣ ሂጂ' ብዬ ባባርርሽ ቀለል ብሎሽ ትሄጂ ነበር?"

"አልሄድም።"

"ሰምቼ ነው እግዚአብሔር ይፍታሽ የምልሽ። ያቺ ሴትም የምትፈልገው የሚሰማት ነው። በሩን ዘግተሽባት ውጪ ቆማለች። ሂጂና ተነጋገሩ፤ እስከዚያው ከቁርባኑ ቆዪ።"

ቆየሁ። ፍልሰታ ሲፈታ ነጭ የለበሱት ሁሉ ወደ ፊት ሲሄዱ እኔ ዓምድ ተደግፌ ቀረሁ። ቤት ስመለስ እትዬ ጉቶው ሥር ጎንበስ ብላ እሾሁን ታስተካክል ነበር። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ጉቶ፤ እሷ ከእሷ ማዕድ፣ እኔ ከእኔ ማዕድ ርቀን። እዚያው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "እንዴት ዋልሽ፣ እትዬ" ብዬ አለፍኩ። ዕድሜ ልክ የተለመደ ነገር በአንድ ስብከት አይለቅም።

መስከረም ሲገባ ግቢው ተለወጠ። በወላይታ ጊፋታ ሲመጣ፣ አዲሱ ዓመታቸው ማለት ነው፣ ቤት ይለሰናል፣ ለበሬው ቅርጫ የሚቧደኑ ወንዶች ድምፅ ከየደጃፉ ይሰማል፣ ሴቶቹ ሙቹዋ ለሚባለው የበዓል ምግብ ቆጮና ቅቤ ሲያዘጋጁ ይውላሉ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መደረግ አለበት። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር አይቻልም። የቤተሰቡ ታላቅ ይመጣል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ያዘነም ያሳዘነም ይናገራል። ባለፉት ዓመታት ተከራይ ነኝ ብዬ ከመስኮቴ ነበር የማየው። በዚህኛው ግን ጋሼ መጥተው በሬን አንኳኩ።

"ውጪ፣ ሲስተር። የአንቺም ጉዳይ አለ።"

የጋሼ ታላቅ ወንድም ከሁምቦ መጥተዋል፤ በቆላ ፀሐይ የጠቆሩ ረጅም ሽማግሌ። አቮካዶው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘዋል። መጀመሪያ ጋሼና ታናሽ ወንድማቸው ስለ አንድ የድንበር ዛፍ ተነጋገሩ፤ ተሟገቱ፣ ተሳሳቁ፣ ተቃቀፉ። ከዚያ ሽማግሌው በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ የዚህ ቤት ልጅ ነሽ። በዚህ ቤት ያዘንሽበት ነገር አለ?"

ምንም የለም ሊል አፌ ተሰናዳ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እትዬ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ትሪው ሲመጣ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባለች።

"አለ" አልኩ።

"ተናገሪ።"

"እናቴ የተከለችው ጌሾ ተቆርጧል።"

"ጨርሺ።"

"ጨረስኩ እኮ።"

"አልጨረስሽም። ሆድሽ ውስጥ የቀረ ካለ ነገ ደግመን ልንሰበሰብ ነው፤ እኔ ደግሞ ወገቤን ያመኛል፣ የሁምቦ መንገድም ሩቅ ነው" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። እናቴ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ ይዛ መምጣቷን፣ ከሙት ዓመቷ ስመለስ ጉቶ እንዳገኘሁ፣ ቆራጩ ፍየል አለመሆኑን እያወቅሁ ዝም ማለቴን። "የጎዳኝ መቆረጡ ብቻ አይደለም" አልኩ። "እንደማላውቅ ተደርጎ መነገሩ ነው። በዚያ ቀን!"

ሽማግሌው ወደ እትዬ ዞሩ። ሳይጠይቋት ጀመረች።

"ፍየሏ አይደለችም። እኔ ነኝ። በገጀራ።" እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ አስቀመጠቻት። "የሐሙስ ጸሎት በእኛ ቤት ነበር። አንዷ እህት ስትገባ አየችውና 'በዚህ ግቢ ጠላ ይጠመቃል እንዴ?' አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ የኳየር መሪ! ሲሄዱ ቆረጥኩት። ቅጠል ኃጢአት የለውም ያልኩት እኔው ነኝ፣ ጉድጓዱንም የቆፈርኩት እኔው ነኝ። ጌታን አልፈራሁም፣ ሰው ፈራሁ። ከዚያ አንተ መጣህ፣ ሲስተር፣ ፊትህ ከስቶ። እውነቱን ልናገር ስል ፍየሏ ከአፌ ወጣች። ከዚያ ደግሞ ይቅርታ ልል ስመጣ 'ምንም አይደለም' ትያለሽ። ስመጣ 'ምንም አይደለም'። እኔ ምኑን ይቅር በይኝ ልበል? ጌታ ፊትም ስቀርብ፣ መጀመሪያ ከእሷ ጋር ጨርሺ የሚለኝ ይመስለኛል። እንዴት ብዬ ቂጣውን ልውሰድ?"

ተነሳች። ልትንበረከክ ስትል ክንዷን ያዝኩ። እንደ እኔ 'ምንም አይደለም' እያለች ላደገች ሴት የሚከብዳት ቃል ያን ያህል አጭር መሆኑ ገርሞኛል።

"ጎድተሽኛል፣ እትዬ" አልኩ። "ይቅር ብዬሻለሁ።"

ተቃቅፈን ስንላቀስ ሽማግሌው ሣሩን በትነው "ሳሮ" አሉ፤ ሰላም ማለታቸው ነው። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ፍየሏስ? ስሟ ጠፍቶ ሊቀር ነው?" ሲሉ እትዬ በእንባ ፊቷ ወደ ችካሉ ዞራ "አንቺም ማሪኝ!" አለች። ፍየሏ የእንሰት ቅጠል እያመነዠከች ፊቷን አዞረች።

"ይቺማ ቂመኛ ናት" አሉ ሽማግሌው።

በዓሉ አልፎ እትዬ ወላጆቿን ልትጠይቅ ቦምቤ ወረደች። በተመለሰች ዕለት ከሥራ ስወጣ በመናኸሪያው በኩል አልፌ ነበርና ከሚኒባስ ስትወርድ አየኋት። ነጭ የቸርች ነጠላዋን ለብሳ፣ ጭቃ የተለቀለቀ የጌሾ ችግኝ እንደ ሕፃን አቅፋለች። ረዳቱ ከኋላዋ እየጮኸ ነው።

"ማዘር! ጠላው ሲደርስ እንዳትረሺን!"

"ለአንተ ውሃም አልሰጥህ!"

"ሃሌ ሉያ በጌሾ!" አለ ሌላው። መንገደኛው ሳቀ። ከቸርቿ ሁለት ሴቶች በጉሊቱ በኩል ሲያልፉ ቆመው አዩዋት። ፌስታል ነበራት፣ ታጥፎ በእጇ ላይ። ችግኙን አልሸፈነችውም።

ሮጬ ልቀበላት ስል "አትንካ! ሥሩ ይነቀላል!" አለችኝ። ቤት እስክንደርስ በመንገዱ ሁሉ እሷው ተሸከመችው። የተከልነው ከደረቀው ጉቶ አጠገብ ነው። ጉቶውን እንንቀለው ብትለኝ ይቆይ አልኳት። የእናቴ ጌሾ አልተመለሰም፤ ይኼኛው የቦምቤ ነው፣ ቅጠሉም ሰፋ ያለ ይመስለኛል። አልዋሻትም፣ እሱንም ነገርኳት። "አውቃለሁ" አለች።

ከዚያ በኋላ በወሩ የእመቤታችን ቀን ቆረብኩ። ስመለስ እትዬ ደጃፌን ጠርጋ ጠበቀችኝ።

የሐሙስ ጸሎት ተራ ደግሞ እነ ጋሼ ቤት ደረሰ። ከመስኮቴ አጠገብ ልብስ እየተኮስኩ ሴቶቹ ሲገቡ እሰማለሁ። ያቺው እህት መሰለችኝ፣ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ይገባል፦

"ውይ! እንደገና? በዚህ ግቢ ጠላ ይጠመቃል እንዴ?"

ልብሱን እንዳላቃጥል ካውያውን አነሳሁት።

"አይጠመቅም" አለች እትዬ። "ጌሾው የሲስተር ነው። የፊተኛውን እናቷ ተክለውላት እኔ ቆርጬ ዋሸኋት። ይቅር አለችኝ። ይሄን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ግቡ፣ ዝናቡ መጣ።"

ገቡ። ትንሽ ቆይቶ መዝሙሩ ተሰማ፤ የእሷ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ፣ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ማለት ነው፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ እነ ጋሼ ገቡ። ጋሼ በሬ ላይ ቆሙ። ፀሐይ ነው፣ ጃንጥላቸው ግን በእጃቸው ነው።

"ሲስተር" አሉኝ። "ዛሬ ትሪው ደረሳት።"

"እና?"

"እናማ ሳልወስድ ጨርሳብኝ ነበር!"

ከኋላቸው እትዬ "ኧረ ውሸት! ትንሽ ነው የቆረስኩት!" እያለች በነጠላዋ ጫፍ ጀርባቸውን መታቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦

"ቦይና ጥጄ ነው የሄድኩት። ና፣ ሲስተር፤ ዛሬ ጾም የለም" አለችኝ።

ጫማዬን መልሼ አደረግሁ።